በትንሽ ወጪ የጭስ ማውጫን ድምፅ ማሳመር

መጮህና ማማር ይለያያሉ። ከሞተር የሚወጣው ጭስ በራሱ እጅግ ኃይለኛ ድምፅ አለው፤ የጭስ ማውጫው ሥራ ከዚያ ውስጥ የትኛው ተሰምቶ የትኛው እንደሚታፈን መለየት ነው። ማርሚታውን፣ ማለትም ድምፅ ማፈኛውን፣ አስቆርጦ በባዶ ቱቦ የተካ ሰው ይህን ምርጫ ጨርሶ ትቶታል። መኪናው ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ደስ ይላል፣ በደቂቃ 4000 ዙር ላይ የቆርቆሮ ድምፅ ያወጣል፣ ረጅም መንገድ ላይ ደግሞ ራስ ያሳምማል። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ በሦስት ነገር ላይ ብቻ ይዋል፦ በአንድ ጥሩ የኋላ ማርሚታ፣ ካስፈለገ በአንድ ሬዞኔተር (ትንሽ የመሃል ማርሚታ)፣ እና ጭስ በማያፈስ መገጣጠሚያ። ሄደር (የፋብሪካውን የጭስ ማኒፎልድ የሚተካ የቱቦ ስብስብ)፣ ከዳር እስከ ዳር የሰፋ ቱቦ፣ ባለ ሁለት አፍ የሚያብረቀርቅ ጫፍ ሁሉ ሊቆዩ የሚችሉ ናቸው።

ድምፁ የት ይሠራል?

ከሞተሩ ወደ ኋላ ስትሄዱ የጭስ ማኒፎልድ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ክፍል)፣ የፊት ቱቦ፣ ተጣጣፊ ቱቦ፣ ካታሊስት፣ ሬዞኔተር፣ የመሃል ቱቦ፣ የኋላ ማርሚታና ጫፉን ታገኛላችሁ። ቅደም ተከተሉ ከመኪና መኪና ትንሽ ይለያያል። ካታሊስቱ የተሠራው ጭሱን ለማጽዳት ቢሆንም ሹል ድምፅንም ይሰብራል። ሬዞኔተሩ፣ ማለትም መሃል ላይ ያለችው ትንሿ ማርሚታ፣ ሸካራውን ድምፅ ትበላለች እንጂ ጠቅላላ ጩኸቱን ብዙም አትቀንስም። የድምፁን መጠን በዋናነት የሚወስነው የኋላው ማርሚታ ነው። ስለዚህ «ወፍራም ይሁን፣ ትንሽም ከፍ ይበል» ለሚል ሰው መነካት ያለበት የኋላው ነው። ባለ አራት ሲሊንደር መኪና ላይ ሬዞኔተሩን መቁረጥ በርካሽ የሚሠራ ነገር ቢመስልም የሚያጋልጠው ሸካራነቱን ነው።

አንድ ስሌት ከጅምሩ ያዙ፤ በኋላ ይጠቅማችኋል። ባለ አራት ምት ሞተር ላይ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ይተኩሳል። ስለዚህ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በ3000 ዙር በሰከንድ 100 ጊዜ ይተኩሳል፤ ዋናው ድምፁም 100 ኸርዝ ይሆናል። ባለ ስድስቱ በዚያው ዙር 150፣ ባለ ስምንቱ 200 ኸርዝ ላይ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር መኪናን የባለ ስምንት ድምፅ የሚያሰጠው ማርሚታ የለም፤ እንዲህ ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ። ከአራት ሲሊንደር የሚገኘው ጥሩ ድምፅ ከታች ወፍራም፣ ከላይ ጥርት ያለ፣ በቋሚ ፍጥነት ሲነዳ ደግሞ ጸጥ የሚል ነው፤ እሱም ያረካል።

ተርቦ ያለው ሞተር ላይ ተርባይኑ ራሱ ብዙ ድምፅ ስለሚያፍን በጣም ክፍት ማርሚታ ቢገጠምም ይችላል። ተርቦ የሌለው ትንሽ ሞተር ግን ያንኑ ማርሚታ ቢያገኝ ጆሮ ይበሳል።

መጀመሪያ ያለውን ፈትሹ

አሮጌ የጭስ ማውጫ ላይ አዲስ ማርሚታ ከመግጠም በፊት ያለው ደህና መሆኑን እዩ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሱትና ኮፈኑን ከፍታችሁ አዳምጡ። «ትክ ትክ» የሚል፣ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ካለ የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ተበልቷል ወይም ማኒፎልዱ ተሰንጥቋል፤ ብረቱ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ክፍተቱ ይዘጋል፣ ድምፁም ይጠፋል። ይህ ሳይስተካከል የሚገዛ ማርሚታ ትርጉም የለውም። ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ወይም አጠገቡ ያለ ቀዳዳ ደግሞ ከውጭ አየር ይስባል፤ ሴንሰሩ ኦክስጅን በዛ ብሎ ያነባል፣ የሞተሩ ኮምፒውተርም ነዳጅ ይጨምራል። በድምፅ ምክንያት የተጀመረ ሥራ በነዳጅ ፍጆታ የሚያልቀው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

መገጣጠሚያዎቹ አጠገብ ጥቁር ጥላሸት ካለ ጭስ በዚያ ይወጣል። ማንጠልጠያ ጎሚኒዎቹን በእጅ ጎትቱ፤ የተሰነጠቀውንና የተለጠጠውን ቀይሩ። ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ብዙ «የጭስ ማውጫ መንቀጥቀጥ» ደግሞ በዚህ ብቻ ይድናል።

ከዚያ የአሁኑን ድምፅ በስልክ ቅረጹ። ስልኩን ከጫፉ ግማሽ ሜትር ርቀት፣ በ45 ዲግሪ ጎን፣ በጫፉ ከፍታ አስቀምጡና ሚኒሞ ላይ፣ 2000፣ 3000 ዙር ላይ ቅረጹ። የስልክ የድምፅ መለኪያ ቁጥር ትክክለኛ ዴሲቤል አይደለም፤ ነገር ግን በአንድ ቦታ በአንድ ስልክ የተለካ በፊትና በኋላ ልዩነቱን ያሳያል። 10 ዴሲቤል ሲጨምር ለጆሮ እጥፍ ያህል ይመስላል። በብዙ አገር የድምፅ ገደብና የቴክኒክ ምርመራ አለ፤ የእናንተን ሕግ ከመቁረጣችሁ በፊት እወቁ።

የትኛውን ማርሚታ?

ማርሚታ በጥቅሉ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዱ ውስጡ በላሜራ ተከፋፍሎ ጭሱን ከክፍል ወደ ክፍል እያዞረ ድምፁን በድምፅ ያጠፋል፤ ፋብሪካ የሚገጥመው አብዛኛው ይህ ነው። ሌላው ቀጥ ያለ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ሆኖ ዙሪያው በፋይበርግላስ የታጨቀ ነው፤ ድምፁ በቀዳዳዎቹ አልፎ ፋይበሩ ውስጥ ይሞታል። የቀጥታው ዓይነት ለጭሱ መንገድ አይዘጋም፣ ድምፁም ጥርት ይላል፤ ነገር ግን የሚያፍነው በዋናነት ቀጭኑን ድምፅ ነው። ወፍራሙን ለመያዝ ርዝመትና ስፋት ይፈልጋል።

ስለዚህ ቀጥታውን ከመረጣችሁ ከቦታው የሚገባውን ትልቁን ግዙ። ለ1.3 እስከ 2.0 ሊትር ሞተር የማርሚታው አካል ቢያንስ 400 ሚሊሜትር ርዝመትና 150 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ይኑረው። 250 ሚሊሜትር የሆነችው ቆንጆ ማርሚታ ርካሽ ናት፤ የምትሰጠው ግን የባዶ ቱቦ ድምፅ ነው። የውስጥ ቱቦው ዲያሜትር ከመኪናው ቱቦ ጋር እኩል መሆኑን በካሊብሮ ለኩ፤ ውስጥ ውስጡን ጠቦ ከውጭ የሚሰፋ የሐሰት ማርሚታ አለ። ፋይበሩም ጥራት ከሌለው በጭሱ ተነቅሎ ይወጣል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ «ድምፁ ተቀየረ» የሚባለው ውስጡ ባዶ ስለሆነ ነው። በቀዳዳው ቱቦ ላይ መጀመሪያ የማይዝግ የብረት ሱፍ የተጠቀለለበት፣ ከዚያ ረጅም ክር ፋይበር የታጨቀበት ብዙ ይቆያል። ተፈትቶ እንደገና የሚታጨቅ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይመረጣል።

ኪስ ለሳሳበት ሰው ከሁሉም የተሻለው ምርጫ ግን አዲስ ማርሚታ ላይሆን ይችላል። የአንድ ሞዴል መኪና ስፖርት ዓይነቱ ወይም ትልቅ ሞተር ያለው ዓይነት የሚይዘው የፋብሪካ ማርሚታ ብዙ ጊዜ በዚያው ፍላንጅ፣ ማለትም በዚያው የቡሎን መጋጠሚያ፣ እና በዚያው ማንጠልጠያ ይገጥማል፤ ድምፁ በመጠኑ ይወፍራል፣ ጉምጉምታም አያመጣም። ያገለገለ ስትገዙ አንስታችሁ ነቅንቁት፤ ውስጡ የሚንኳኳ ካለ ላሜራው ተበይዶ የነበረበት ለቋል። ስፌቱን በጠንካራ ካቻቢቴ ተጫኑት፤ ከገባ ዝጎ አልቋል። ከሚጠበቀው በላይ ከከበደና ሲያዘነብል ውሃ ከፈሰሰው ተዉት።

የቱቦ ስፋት ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። ተርቦ ለሌለው ከ1.3 እስከ 1.6 ሊትር ሞተር ከ45 እስከ 51 ሚሊሜትር፣ ለ1.8 እና 2.0 ሊትር ከ51 እስከ 57፣ ለ2.5 እስከ 3.0 ሊትር ከ57 እስከ 63.5 ሚሊሜትር ይበቃል። 51ን ወደ 63.5 መለወጥ ዲያሜትሩን በሩብ ሲጨምር የውስጥ ስፋቱን ከግማሽ በላይ ያሳድገዋል፤ የጭሱ ፍጥነት ይወድቃል፣ በዝቅተኛ ዙር መኪናው ይሰንፋል፣ ድምፁም ክፍት በርሜል ይመስላል። «ሞተር የኋላ ግፊት ያስፈልገዋል» የሚባለው አባባል ግን ልክ አይደለም። የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው፤ እየሮጠ የሚወጣ ጭስ ከኋላው ያለውን ይስባል።

የቱቦው ብረት 1.2 ወይም 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ይኑረው። ተራ ብረት ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይዝጋል፤ በአሉሚኒየም የተለበጠው መካከለኛ ነው፤ 409 የሚባለው ስቴይንለስ ላዩ ቢዝግም ይቆያል፣ 304 ደግሞ ጨርሶ ጥሩ ነው፣ ዋጋውም እንዲሁ። በዚንክ የተለበጠ የውሃ ቱቦ ግን ለጭስ ማውጫ አይሆንም። ሲበየድ የሚወጣው የዚንክ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያስከትላል።

ማውለቅ

ሥራው ከዋዜማው ይጀምራል፤ ቡሎኖቹን ሁሉ በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ ዝገት ማስለቀቂያ ርጩባቸውና አሳድሯቸው። ጠዋት ደግሞ ድገሙ። ዳዶውን በአንድ ጊዜ ለመፍታት አትታገሉ፤ ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ ትንሽ ወደ መፍታት እያላችሁ በቡሶላ አለማምዱት። ባለ ስድስት ጎን ቡሶላ ተጠቀሙ፤ ባለ አሥራ ሁለቱ የዛገ ዳዶ ጥግ ይበላል።

መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፣ ጎማው ይታገድ፣ በክሪክ ተነስቶ በብረት መደገፊያ ላይ ይረፍ። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር መግባት ክልክል ነው። ጭስ ማውጫው ጨርሶ ይቀዝቅዝ። ጎሚኒዎቹን ለማውጣት የሳሙና ውሃ ወይም ሲሊኮን ስፕሬይ ቀቡ፤ ዘይትና ግሪስ ጎማውን ያብጡታል። የመጨረሻውን ጎሚኒ ከማውጣታችሁ በፊት ማርሚታውን ከሥር በሆነ ነገር ደግፉ፤ ካልሆነ ክብደቱ ሁሉ በተጣጣፊው ቱቦ ላይ ወድቆ ይቀደዋል። ተጣጣፊ ቱቦ መቀየር ደግሞ ከማርሚታው የበለጠ ራስ ምታት ነው።

አንዳንድ መኪና ላይ የፊት ቱቦው በስፕሪንግ ባላቸው ሁለት ቡሎኖችና በክብ ጓርኒሲዮን ይያያዛል። ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው ስለሚወዛወዝ መገጣጠሚያው እንዲታጠፍ ተብሎ ነው የተሠራው። ስፕሪንጉን ጥሎ በተራ ቡሎን ማጥበቅ የተለመደ ስህተት ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ይሰበራል፣ ወይም ቱቦው ራሱ ይሰነጠቃል።

መለካት፣ መቁረጥ፣ መግጠም

አሮጌውን ማርሚታ ወዲያው አትጣሉት። አዲሱን አጠገቡ መሬት ላይ አጋድሙትና ከፍላንጁ እስከ ማንጠልጠያው፣ ከማንጠልጠያው እስከ ጫፉ ለኩ። ማንጠልጠያ ዘንጎቹን ከአሮጌው ቆርጦ በአዲሱ ላይ መበየድ ወጪ ይቀንሳል። ስትቆርጡ 50 ሚሊሜትር አስተርፉ፤ የተረፈን መቁረጥ ይቻላል፣ ያጠረን ማስረዘም ግን ሌላ ብየዳ ነው። በሰጌቶም በግራይንደርም ቁረጡ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ግን ከውስጥም ከውጭም በሞረድ አለስልሱት፤ ወደ ውስጥ የቀረ የብረት ጥርስ በከፍተኛ ዙር ያፏጫል።

ቱቦ ወደ ቱቦ ሲገባ የፊተኛው በኋለኛው ውስጥ ይግባ፤ ጭሱ ወደ ክፍተቱ ሳይሆን አልፎት እንዲሄድ ነው። መደራረቢያው ከ40 እስከ 50 ሚሊሜትር ይሁን። ማሰሪያ ሲገዛ ሰፊው የላሜራ ፋሼታ ይመረጣል፤ ዙሪያውን እኩል ይይዛል፣ በኋላም ይፈታል። የዩ ቅርጽ ያለው ቡሎን ርካሽ ነው፤ ይይዛልም፣ ነገር ግን ቱቦውን ይጨፈልቀዋል፣ ቀጣዩ ሰው ሊፈታው ሲመጣ ከመቁረጥ በቀር መንገድ የለውም።

ኩርባ ካስፈለገ ስፋቱን ሳያጣ የተጎነበሰ ዝግጁ ክርን ገዝታችሁ ቁረጡ። በተራ ማጉበጫ የተጎበጠ ቱቦ ኩርባው ላይ ይጨፈለቃል፤ አንድ ሁለት ለስላሳ ኩርባ አይጎዳም፣ አራት አምስት ሲሆን ግን ትልቅ ቱቦ የገዛችሁበት ምክንያት ይጠፋል።

ሁሉንም በልቅ ገጥማችሁ ስቀሉት፤ ከፊት ወደ ኋላ እያስተካከላችሁ ቀስ በቀስ አጥብቁ። ከሻንሲው ቢያንስ 25 ሚሊሜትር ይራቅ። ከፍሬን ጎማ ቱቦ፣ ከነዳጅ መስመርና ከሰርባቶዮ ከዚያ በላይ ይራቅ፤ ሙቀት መከላከያ ላሜራው ተነስቶ ከነበረ ይመለስ። መኪናው ተሰቅሎ ሳለ የኋላ አክስሉ ተንጠልጥሎ ስለሚወርድ የሚታየው ክፍተት ያታልላል። መኪናውን አውርዳችሁ፣ ሁለት ሰው ከኋላ አስቀምጣችሁ፣ ቱቦው በአክስሉና በወለሉ መካከል የት እንዳለ እንደገና እዩ። «ጉብታ ላይ ይንኳኳል» የሚባለው ቅሬታ በአብዛኛው ይህን ባለማየት የሚመጣ ነው።

ጫፉ ከፓራውልቱ ጠርዝ ወጣ ይበል። ይህ ለመልክ ብቻ አይደለም። ጫፉ ከሥር ከቀረ ጭሱ ከመኪናው ጀርባ በሚፈጠረው ዝቅተኛ የአየር ግፊት ተስቦ ካቢን ሊገባ ይችላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ጫፉ ድምፅን የሚለውጠው በጥቂቱ ነው፤ ለእሱ ብዙ አትክፈሉ።

ብየዳ ካለ

ከመበየዱ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ፣ የብየዳው መሬት ገመድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ፤ ካልሆነ ኮምፒውተሩ ወይም ሴንሰሩ ሊቃጠል ይችላል። የሚቻል ከሆነ ቦታው ላይ ሦስት አራት ነጥብ ብቻ አስይዛችሁ አውርዱት፣ ዙሪያውን ውጭ በይዱ። መኪና ሥር ሆኖ የላይኛውን ግማሽ በደንብ መበየድ አይቻልም፤ ጭስ የሚያፈሰውም ብዙ ጊዜ ከላይ በኩል ነው። ለ1.5 ሚሊሜትር ቱቦ 0.8 ሚሊሜትር ሽቦ ይስማማል። ስቴይንለስን ከተራ ብረት ጋር ለማያያዝ 309 የሚባለው ሽቦ ነው ትክክለኛው፤ በተራ ሽቦ ከተበየደ ስፌቱ ቀድሞ ይዝጋል። ቱቦውን በክሎሪን የተሠራ የፍሬን ማጽጃ አጥባችሁ አትበይዱ፤ በብየዳው ሙቀት ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። በአሴቶን ጠርጋችሁ ጨርሶ እስኪደርቅ ቆዩ። እሳት ማጥፊያ በእጅ የሚደረስበት ቦታ ይቀመጥ።

የሚያፈስ ቦታ መፈለግ

ሥራው እንዳለቀ፣ ቱቦው ገና ሳይሞቅ፣ ሞተሩን ውጭ አየር ላይ አስነሱ። አንድ ሰው ወፍራም ጓንት አድርጎ በተጣጠፈ ጨርቅ ጫፉን ለጥቂት ሰከንድ ይያዝ፣ ሌላው በመኪናው ጎን ሆኖ ያዳምጥ። «ፍስስ» የሚል ከተሰማ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ርጩ፤ አረፋ የሠራበት ቦታ ያፈሳል። ሞተሩ ጨርቁ እንደተያዘ ሊጠፋ ከደረሰ መስመሩ ጥብቅ ነው ማለት ነው።

አዲስ ቱቦና ማርሚታ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ያጨሳል፤ የፋብሪካ ዘይት ነው። 100 ኪሎሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ፋሼታዎቹን ሁሉ እንደገና አጥብቁ። ብረቱ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ቦታውን ስለሚይዝ አንድ ግማሽ ዙር የማይወስድ ዳዶ የለም ማለት ይቻላል።

ጉምጉምታ ሲመጣ

ከሁሉ የሚያማርረው ችግር ይህ ነው። መንገድ ላይ በቋሚ ፍጥነት ስትነዱ፣ ብዙ ጊዜ ከ1800 እስከ 2800 ዙር መካከል፣ ካቢኑን የሚሞላ፣ ጆሮ የሚያፍን ጉምጉምታ ይመጣል። ትንሽ ነዳጅ ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ይጠፋል። የጭሱ ድምፅና የካቢኑ አየር በአንድ ድግግሞሽ ሲገናኙ የሚፈጠር ነው። ስለዚህ የወለል ምንጣፍ መደራረብ ብዙም አይረዳም፤ የዚያ ድምፅ ሞገድ ሜትሮች ይረዝማል፣ ምንጣፍ አይዘው።

መጀመሪያ ቱቦው የትም አለመንካቱን አረጋግጡ። ብዙ «ጉምጉምታ» ሻንሲውን የነካ ማንጠልጠያ ነው። ከዚያ የተቆረጠ ሬዞኔተር ካለ መልሱት፤ 300 ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ያላት ቀጥታ ሬዞኔተር ሸካራነቱን ትወስዳለች፣ ጉምጉምታውንም በከፊል ታለዝባለች።

ይህ ካልበቃ በርካሽ የሚሠራ፣ ውጤቱም የሚያስደንቅ መፍትሔ አለ፦ ጫፉ የተዘጋ ቅርንጫፍ ቱቦ። ጉምጉምታው የሚብስበትን ዙር እዩ፤ 2400 ነው እንበል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ከሆነ 2400ን በ30 ስታካፍሉት 80 ኸርዝ ይሆናል። በሞቀ ጭስ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ ከ400 እስከ 450 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የቅርንጫፉ ርዝመት የሞገዱ ሩብ መሆን ስላለበት ፍጥነቱን ለ80 አራት እጥፍ፣ ማለትም ለ320 አካፍሉት። ከ1.25 እስከ 1.4 ሜትር ይመጣል። ከዋናው ቱቦ ጋር እኩል ስፋት ያለው ቱቦ በዚህ ርዝመት ከጎን በይዱ፤ ከማርሚታው በፊት ወይም በኋላ ቦታ ባለበት አጥፋችሁ ከዋናው ጎን ለጎን አስኪዱት። ቅርንጫፉ ውስጥ የገባው ድምፅ ከተዘጋው ጫፍ ነጥሮ ሲመለስ ከዋናው ጋር ተቃርኖ ይገናኛል፣ ይጠፋፋሉም። ነዳጅ ሲረገጥ የሚወጣውን ጥሩ ድምፅ አይነካም።

ርዝመቱን መጀመሪያ አስረዝሙት፤ ጫፉን በብየዳ ሳይሆን በክዳንና በፋሼታ ዝጉት። ነድታችሁ ጉምጉምታው ከበፊቱ ዝቅ ባለ ዙር ላይ ከጠፋ ቅርንጫፉ ረዝሟል፤ በ30፣ 40 ሚሊሜትር እየቆረጣችሁ ሞክሩ፣ ሲስተካከል በይዱት። ቱቦው ወደ ታች ካዘነበለ ዝቅተኛ ቦታው ላይ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ በትራፓኖ ብሱ፤ ውሃ ይጠራቀምበታል።

ስለ ውሃ ካነሳን፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይፈጠራል። አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ማርሚታው ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ውሃው ውስጡ ይቀራል፣ ከውስጥም ያዝገዋል። በማርሚታው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ፋብሪካው የሠራት ትንሽ ቀዳዳ ካለች አትበይዷት። መኪናው በሳምንት አንዴ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ ቢነዳ ማርሚታው ይደርቃል።

ካታሊስቱን በማውጣት ድምፅ መፈለግ ግን አይመከርም። ድምፁ ይሸክራል፣ ጭሱ ይሸታል፣ የሞተር መብራት በርቶ ይቀራል፣ በብዙ አገርም ሕገወጥ ነው። ካታሊስቱ ተዘግቶ መኪናው ጉልበት ካጣ መተካት ነው እንጂ ውስጡን ሰብሮ ባዶውን መመለስ ከካታሊስቱ ኋላ ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር አያታልለውም።